ከባንኮኒው ሥር የደረሰ ደብዳቤ

አጎቴ ጡረታ ከወጡ ዓመታት ያለፏቸው የሒሳብ መምህር ናቸው። ቤታቸው ጉንችሬ ከተማ ዳር፣ እንሰቱ ከሚጀምርበት ላይ ነው። አምና ለመስቀል ሄጄ ስመለስ የመጀመሪያውን የሃሪ ፖተር መጽሐፍ እሳቸው ቤት ረስቼው ወጣሁ። እንግሊዝኛው ነው፤ አንዲት ጓደኛዬ ያዋሰችኝ። ዘንድሮ ስደርስ መጽሐፉን ትራሳቸው አጠገብ አገኘሁት። ጀርባው ተሰነጣጥቋል፣ በጋዜጣ ተለብዷል፣ በየመካከሉ የደረቀ የእንሰት ቅጠል እየተቀደደ ለምልክት ገብቶበታል። የመስቀል ማግስት ነበር። ክትፎው ተበልቶ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ በየቤቱ ሊጠያየቅ ወጥቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ያን ማታ የተነጋገርነው ይህ ነው።

እኔ፦ ጋሼ፣ በጋዜጣ የለበዱት እንዳይቆሽሽ ነው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ለዚያ አልነበረም። ቡና ቤት ይዤው ስቀመጥ ሽፋኑ ላይ ያለውን ልጅና ባቡር ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነው። ከስድሳ አምስት ዓመት በኋላ የልጅ መጽሐፍ ይዞ መታየት አሳፍሮኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ።

እኔ፦ እርስዎ ብቻ አይደሉም። መጽሐፉን ያሳተመው የለንደኑ ብሉምስበሪ በ1997 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ አወጣው፤ በዓመቱ ደግሞ ለአዋቂዎች ብሎ ሌላ ሽፋን አበጀለት። ጥቁርና ነጭ የባቡር ፎቶግራፍ። ከውስጡ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ሰዎች ሥራ ሲሄዱ ባቡር ውስጥ እያነበቡት ያፍሩ ነበርና።

ጋሼ፦ እንግዲያው የዚያ አገር ሰውም እኔም ያፈርነው አንድ ነገር ነው። አሁን ግን ጋዜጣው ሥራ አግኝቷል። የአሥራ አራት ልጅ እጅ ያርፍበታል።

እኔ፦ የማን ልጆች?

ጋሼ፦ የጎረቤቱ ሁሉ። ሐምሌ ላይ ነው የጀመርኩት። መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ፣ በባትሪ ሁለት ምዕራፍ አነበብኩ። በሦስተኛው ማታ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ምን እንደማነብ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ። ከዚያ ወዲያ በየማታው ቀን ላይ ያነበብኩትን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ያልገባቸው ቦታ ላይ በእነሞርኛ እደግመዋለሁ። ሥዕል የለውም ብዬ ስፈራ ነበር፤ ለካ ጨለማው ነው ሥዕሉ። መብራቱ ከመጣ በኋላም አጥፋልን አሉኝ።

እኔ፦ የሚናገረውን እባብ፣ የሚበረውን መጥረጊያ ሁሉ ተቀበሉት?

ጋሼ፦ እባብ መናገሩማ ለኛ ልጆች ምን አዲስ ነገር አለው? በተረታችን ውስጥ ያልተናገረ እንስሳ የትኛው ነው? ያስቸገረኝ ጉጉት ነው። በመጽሐፉ ደብዳቤ የሚያመጡት ጉጉቶች ናቸው። "ጉጉት ደብዳቤውን በአፉ ይዞ መጣ" ስል እናቴ ከጥግ ተነሣች። ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸ ከዚያ ቤት ሰው ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር ማታ አይወራም አለችኝ። ዘጠና ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንድም ቀን ጉጉት በደግ ሲነሣ አልሰማችም። እርግብ ላድርገው? ቁራ ላድርገው? ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ።

እኔ፦ ለወጡት?

ጋሼ፦ አልለወጥኩትም። በማግስቱ "በዚያ አገር የምሥራች የሚያመጣው እኛ የምንፈራው ወፍ ነው" ብዬ ጀመርኩ። ልጆቹ ዝም አሉ። እናቴም ዝም አለች። ስጨርስ ልጆቹን አላስወጣ ብላ እኛ ዘንድ መልእክት የሚያመጣው ማን እንደሆነ የራሷን ተረት ትነግራቸው ጀመር። ቴሌቪዥን እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ያ ተረት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ረስቼው ነበር።

እኔ፦ ይሄንን ልጠይቅዎት ስል ነው የቀደሙኝ። አዲስ አበባ ሆኜ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የኛ ተረት ሳይጻፍ አሮጊቶቹ እያለቁ ነው፤ እኛ ደግሞ የእንግሊዝ ልጅ ታሪክ ለጉንችሬ ልጆች እናደርሳለን።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። ግን ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ልጆቹ እናቴን ተረት የለመኗት ጉጉቱ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እሷ ጥግ የምትቀመጥ አሮጊት ነበረች።

እኔ፦ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብለው ያስባሉ?

ጋሼ፦ አላውቅም። እዚህ ቤት ሆነ። ደግሞ ሌላም ነገር ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት ክፍልፋይ አስተምሬአለሁ። ሦስት አራተኛን የወደደ ልጅ አይቼ አላውቅም። ባቡሩ የሚነሣበት መድረክ ቁጥሩ ዘጠኝ ከሦስት አራተኛ ነው ስላቸው አንዷ ብድግ ብላ "እንግዲያው ለአሥር የቀረበ ነው፣ በግማሽ መንገድ አይደለም" አለችኝ። በአመድ ላይ መስመር ስባ አሳየችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ ልላት ምንም አልቀረኝ።

እኔ፦ ጋሼ፣ የእንግሊዝኛውን "ዊዛርድ" ምን ብለው ተረጎሙት? የሰው ጽሑፍ ማረም እንጀራዬ ስለሆነ ነው።

ጋሼ፦ የመጀመሪያ ማታ ሳላስብ "ጠንቋይ" አልኩና ጉድ ሆንኩ። ጠንቋይ ስትዪ የሚታይሽ ምንድን ነው? የሚታረድ ዶሮ፣ የዕጣን ጭስ፣ ልጇ ታሞባት ያላትን ብር ቋጥራ የመጣች ሴት። ሃሪ የሚማርበት ቤት ይሄ አይደለም። በማግስቱ የአንዱ ልጅ እናት መጣች። "መምህር፣ ልጄን ጥንቆላ እያስተማሩት ነው አሉኝ" አለችኝ። አልተቆጣሁም። እናት ናት።

እኔ፦ ምን መለሱላት?

ጋሼ፦ መጨረሻውን ነገርኳት። የልጁ እናት ልጄን አትንካ ብላ ገዳዩ ፊት ቆማ እንደሞተች፣ ያ ፍቅሯ ልጁ ገላ ላይ ቀርቶ ክፉው ያደረበት ሰው ልጁን ሲነካ እጁ እንደሚቃጠል። ቆማ ሰማችኝ። "ታዲያ ይሄ ምኑ ጥንቆላ ነው?" አለች። ማታ ልጁ መጣ፤ እሷም ስፌቷን ይዛ ተከተለችው፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ቀርታ አታውቅም። ቃሉ ግን መለወጥ ነበረበት።

እኔ፦ "አስማተኛ" ቢሉስ?

ጋሼ፦ ሞከርኩት። ልጆቹ የሚያውቁት አስማተኛ ከባርኔጣ ውስጥ መሀረብ የሚያወጣውን ነው። ምትሃተኛ ደግሞ ዓይን የሚያታልል ነው። ደብተራ ማለትም አምሮኝ ነበር። ሊማር ከቤቱ ይወጣል፣ መጽሐፍ ያነባል፣ ቅጠል ያውቃል፤ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። ግን ደብተራ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ዜማውንና ቅኔውን ትቼ አስማቱን ብቻ ብወስድ ሰውየውን በደልኩት ማለት ነው። ከሙስሊም ቤት የሚመጡ ልጆችም አሉ። በመጨረሻ "ጠቢብ" አልኩ። የጠቢባን ትምህርት ቤት።

እኔ፦ ይገርማል። እኮ እንግሊዝኛውም ቃል አመጣጡ "ብልህ" ከሚለው ነው። ሳያውቁት ሥሩን ነክተውታል።

ጋሼ፦ እሱን አላውቅም ነበር። እኔ የመረጥኩት በሌላ ነው። ጠቢብ ማለት አዋቂ ነው አይደል? ግን በሰሜን በኩል ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን "ጠይብ" የሚሏቸው ከዚያው ቃል አውጥተው ነው። ማረሻውን ይሠራልሃል፣ ድስቱን ትሠራልሃለች፤ ዞር ስትል ደግሞ "ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል" ትላለህ። እኛስ ብንሆን? የጎጇችንን ምሰሶ ጠርቦ የሚያቆምልንን ሰው ፉጋ እያልን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል። ምሰሶው ባይቆም ቤቱ የት ይቆም ነበር? ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛ በእጅ ሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር ሰዶ ስለነበር ነው። አሁን መጽሐፉን እይ። የልጁ አክስትና ባሏ የሚያስጨንቃቸው ምንድን ነው? የእህቷ ወገኖች ጥበብ እንዳላቸው ጎረቤት እንዳይሰማ። ጠቢብ ስል ሁለቱም አለበት፤ ጥበቡም፣ ሰው የሚሸሸው መሆኑም። አንድ ልጅ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አባቱ ብረት የሚቀጠቅጥ ልጅ ነው። "የኔ አባት ጠቢብ ነው" አለኝ። እንዲያ ሲል የሳቀ አልነበረም።

እኔ፦ የርዕሱ ነገርስ? አሜሪካ ላይ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲታተም "ፈላስፋ" የሚለው ቃል ልጆችን ያርቃል ብለው ርዕሱን ለውጠውታል።

ጋሼ፦ ምን አስፈራቸው? እኛ ዘንድ መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ፈላስፋና ጠቢብ ጎን ለጎን ሆነው ሲኖሩ አራት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። "የፈላስፋው ድንጋይ" ብዬ ስነግራቸው አንድም ልጅ አልሸሸም፤ የት ነው የተቀበረው ነው ያሉኝ።

መጽሐፉን አንሥቼ ገለጥኩት። ቅጠሎቹ በየምዕራፉ አንድ አንድ ናቸው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ሦስት ቅጠል ተደራርቦ አገኘሁ።

እኔ፦ ይሄስ? ለምን ሦስት ሆነ?

ጋሼ፦ እዚያ ሦስት ጊዜ ነው ያቆምኩት።

እኔ፦ ደብዳቤው የሚመጣበት ነው።

ጋሼ፦ አዎ። ፖስታው ላይ የተጻፈውን አስታውሺ። ስሙ ብቻ አይደለም። ከደረጃው ሥር ያለው ቁም ሳጥን ተብሎ፣ የሚተኛበት ቦታ ሳይቀር ተጽፏል። ለልጆቹ "ከቆጡ ሥር" ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ ቤታቸው ደረጃ የለውም፣ ቆጥ ግን አለ። ለእኔ ግን ቁም ሳጥንም ቆጥም አልታየኝም። የታየኝ ባንኮኒ ነው።

እኔ፦ የምን ባንኮኒ?

ጋሼ፦ መርካቶ። በ1961 ዓ.ም ስወሰድ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ልክ እንደዚህ ልጅ። ለመስቀል የመጣ ዘመድ ነው ሲመለስ ይዞኝ የሄደው። ያኔ የዚህ አገር ወንድ ልጅ ዕድሉ ያ ነው፤ ወይ ሊስትሮ ወይ ሱቅ። እኔ ጨርቅ ቤት ደረሰኝ። ቀን ጣቃ አወርዳለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። ማታ የቆርቆሮው በር ከውጭ ይቆለፋል። ባለሱቁ ወደ ቤቱ፣ እኔ ከባንኮኒው ሥር። የማነጥፈው የአቡጀዲ መጠቅለያ ነው። በድንገት ከተነሣሁ ግንባሬን ይመታኛል፤ ስለዚህ በእንቅልፌም ቢሆን ቀስ ብዬ መነሣት ተማርኩ። እስከ ዛሬ ከአልጋ ስነሣ ጎንበስ እላለሁ፣ አይተሽ ከሆነ።

እኔ፦ አይቻለሁ። ወገብዎን የሚያምዎት ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ፦ ወገቤ ደህና ነው። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። እንደ ሃሪ አክስት ባል አይደለም። የራሱም ልጅነት እዚያው ሥር ነው ያለፈው፤ ሌላ አኗኗር አያውቅም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ "አንተ ልጅ" ነበርኩ። እሱም ደንበኛውም። በስሜ የሚጠራኝ ስላልነበረ ሌሊት ሌሊት እኔው እጠራው ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ቡናው በረካ ሆኖ ቀረበ። ጋሼ ሲኒውን ይዘው ቆዩ፤ አልጠጡትም።

ጋሼ፦ ሕፃን ልጅ ይሄን ምዕራፍ ሲያነብ ደብዳቤው መቼ እጁ ይገባ ይሆን እያለ ነው የሚገልጠው። እኔ ደብዳቤው ያልደረሳቸውን እየቆጠርኩ ነበር። በእኛ መደዳ ብቻ ስድስት ልጆች ነበርን። ማታ በግድግዳው እንነካካ ነበር፤ አንዱ ሲያንኳኳ ሌላው ይመልሳል። አንዱ አድጎ ሱቁን ወረሰ፤ ሀብታም ሆነ፣ ለዚህ አገርም ብዙ ሠራ። አንዱ በሌሊት ጠፍቶ እስከ ዛሬ ወሬው የለም። አንዱ ሳንባውን ታሞ እዚያው ሞተ፤ ዕቃውን ይዞ ወደ አገሩ የሄደ ሰው እንኳ አልነበረም። ይሄ መጽሐፍ የልጅ ነው ይሉኛል። እንዴት ነው የልጅ የሚሆነው? አንድ ልጅ ስለዳነ ደስ የሚለው ሕፃን ነው፤ የቀሩት የት ደረሱ ብሎ የሚያለቅሰው ግን አዋቂ ነው።

እኔ፦ ለእርስዎስ ደረሰ ደብዳቤው?

ጋሼ፦ ደረሰኝ እንጂ! ጨርቅ የምትገዛ አስተማሪ ነበረች። ሦስት ሜትር ከሩብ ፖፕሊን ስቆርጥላት ዋጋውን ባለሱቁ ወረቀት ላይ ሳይጨርስ እኔ በቃሌ ተናገርኩ። አየችኝ። "ስምህ ማን ነው?" አለች። ልንገራት ብል አፌ ተሳሰረ። ከነገርኳት በኋላ ደግሞ "የት ነው የምታድረው?" አለችኝ። በእጄ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር አየች። ሌላ ምንም አላለችም። በሳምንቱ ተመልሳ ከባለሱቁ ጋር ተነጋገረች፤ የማታ ትምህርት ቤት ገባሁ። ስሜንና የማድርበትን ነው የጠየቀችኝ፤ ያ ፖስታ ላይ ያለው ሁለት ነገር። ሦስቱ ቅጠል የዚያ ነው።

እኔ፦ ይሄን ነግረውኝ አያውቁም፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የሚናገርበት ቦታ አልነበረውም። መጽሐፉ ቦታ ሰጠው።

ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ እኔ በአማርኛ አሳምረው የነገሩት ሁሉ በቃል ቀርቶ እንዳይጠፋ ስለቆጨኝ ሌላ ጥያቄ አነሣሁ።

እኔ፦ መጽሐፉ ከ80 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ላቲን እንኳ አልቀረም፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዓመቱ ጥንታዊ ግሪክ። ማንም በገበያ በማይነጋገርበት ቋንቋ ማለት ነው። የእርስዎን አማርኛ ብንቀዳውስ? መብቱን ለማስፈቀድ የሚደከመው ሌላ ነገር ነው፤ ግን ቃሎቹ ይቀመጡ።

ጋሼ፦ ቃሎቹን ውሰጃቸው። ጠቢብን ውሰጂ። በትርን ውሰጂ፤ የሙሴን በትር የማያውቅ ልጅ የለም። እኔን ግን ሌላ መጽሐፍ ነው የሚያንገበግበኝ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ሺነጋ የሚባል የጉራጌ ልጅ ታሪክ በቸሃ ቋንቋ፣ በራሳችን ፊደል ጽፎ ነበር። ወልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሳተመው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጠቢብ የለም፣ ባቡር የለም፤ መንደር ነው፣ የኛ መንደር። እኔ ሰባት ዓመቴ ሳለሁ፣ ጀፎረው ላይ ከብት ስጠብቅ፣ ስለ እኔ ዓይነቱ ልጅ ተጽፎ ባሕር ማዶ ይነበብ ነበር። ያነበብኩት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ ፎቶ ኮፒ።

እኔ፦ ለልጆቹ ነግረዋቸዋል?

ጋሼ፦ ሁለት ማታ። "ይሄንንማ እናውቀዋለን፣ ጎረቤታችን ነው" አሉ። ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ትልቅ ነገር ነው ያሉት። እኔ በነሱ ዕድሜ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ልጅ ጎረቤቴ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ግን ያዘኑበት አንድ ነገር አለ፤ "ለምን በኛ ቋንቋ አታነብልንም?" አሉኝ። የቸሃው ጽሑፍ በእጄ የለም። ካገኘሽው ሌላ ነገር አታምጪልኝ።

እኔ፦ እፈልጋለሁ።

ጋሼ፦ ፈልጊ።

ውጭ የልጆች ድምፅ መጣ። በመስቀል ሰሞን ይቀሩ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልቀሩም። ጋሼ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ገለጡና መልሰው ሰጡኝ።

ጋሼ፦ ዛሬ አንቺ ንገሪያቸው።

እኔ፦ እኔ? እርስዎን ነው የለመዱት።

ጋሼ፦ የመስታወቱ ምዕራፍ ነው። ሳምንት ሙሉ "ነገ" እያልኩ ገፋሁት። ልጁ በሌሊት መስታወት ፊት ቆሞ አይቷቸው የማያውቀውን እናትና አባቱን ያያል። ከኋላቸው ዘመድ አዝማዱ ተሰልፏል፤ አንድ ሽማግሌ የልጁን ዓይነት ጉልበት ይዞ ቆሟል። ትልቁ መምህር መጥተው እኔ የሚታየኝ የሱፍ ካልሲ ይዤ ነው ይሉታል። ልጅ ያምናቸዋል። እኔ አላመንኳቸውም። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው መስታወት ውስጥ ምን እንደሚያይ አውቃለሁ።

እኔ፦ እርስዎ ምን ያያሉ?

ጋሼ፦ አባቴ የሞተው እኔ ከባንኮኒው ሥር እያለሁ ነው። የነገሩኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። ፎቶግራፍ የለውም። መልኩ ከዓመት ዓመት እየሳሳብኝ ሄዶ አሁን ኮቱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ይሄን ምዕራፍ ለራሴ ጮክ ብዬ ልለማመደው ሞክሬ ነበር፤ እናቴ ሰማችኝ። እጄን ያዘችና ገልብጣ አየችው። "እጅህ የሱ ነው፤ አውራ ጣትህ ሳይቀር" አለችኝ።

ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ገቡ። ስፌቷን የያዘችው ሴትዮ ከኋላቸው ነበረች። አያቴ ከጥጓ ሳትነሣ ለሁሉም ቦታ ታመላክት ጀመር። ክፍልፋይ የምትወደው ልጅ መሆን አለባት፣ አንዷ ትንሽ ልጅ መጽሐፉ እኔ እጅ ላይ መሆኑን አይታ ወደ ጋሼ ዞረች።

"ዛሬ ነው መስታወቱ?" አለች።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁላት። መብራቱን አጥፍተው፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር አልፈው፣ ከልጆቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጡ። ባትሪውን አበራሁ፤ ቅጠሉን አነሣሁና ጀመርኩ።